የአርበኛው ቅድመ አያታችን ሥዕል፦ ካኪ ይልበስ ወይስ ለምድና ጎፈር?

የልደታ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። ቤተሰባችን በአንድ ጉዳይ ለሁለት ተከፍሎ ሰንብቷልና የሚያውቅ ሰው ምክር ፈልጌ ነው የጻፍኩት።

ቅድመ አያታችን በጣሊያን ጊዜ በበለሳ በኩል የተዋጋ አርበኛ ነበር። ያለን ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ከመዳፍ ያነሰ፣ ጠርዙ የተበላ። ካኪ ኮት ለብሷል፣ ዝናር ታጥቋል፣ ጎፈሬው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እግሩ ባዶ ነው። አሁን ፒያሳ አካባቢ የሚሠራ ሠዓሊ በትልቅ ሸራ ሊሥልልን ቀብድ ተቀብሏል። የአባቴ ወንድሞች «የጀግና ካባ የሆነውን ለምድ ለብሶ፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ ጋሻና ጎራዴ ይዞ በፈረስ ላይ ይሣል፤ ጀግና የሚሣለው እንዲህ ነው» ይላሉ። እኔና እህቶቼ ደግሞ ፎቶው ላይ ያለው ልብስ እንዳለ ይሁን ባዮች ነን። ሠዓሊው ሸራውን ወጥሮ ውሳኔያችንን እየጠበቀ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ በእኛ የሥዕል ወግ የጦር ልብስ ስለ ሰውየው ምንድን ነው የሚናገረው? ሰው ያልለበሰውን ማልበስስ ያስነውራል ወይ?

ጡረተኛው ከአዘዞ፦

ወንድሜ፣ እኔ ዕድሜዬን በመለዮ የጨረስኩ ሰው ነኝና ካኪው ይሁን እላለሁ። ምልምል ሆነን ልብሱ ሲታደለን አጠገቤ የቆመው ልጅ ከየት አገር እንደመጣ መለየት አቃተኝ። ጎጃሜው፣ ወሎዬው፣ ሐረርጌው አንድ ሆነ። ከዚያ ወዲያ አንዱን ከሌላው የሚለየው ትከሻው ላይ ያለው ማዕረግ ነው። ሠዓሊዎች ይህን እንደ ጌጥ ያዩታል፤ በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ የመቶ አለቃውን የሻለቃ፣ የሻለቃውን የኮሎኔል አድርገው ሥለውት አያለሁ። ለእኛ ግን አንዲት ኮከብ ስንት ዓመት ናት! ቅድመ አያትህ ማዕረግ ከሌለው ማዕረግ አትጨምሩለት። ያንን ብቻ ነው አደራ የምለው።

ሥዕል አስተማሪ፦

ጡረተኛው ያሉት ለደንብ ልብስ ትክክል ነው። የጎንደር ሥዕል ግን ያደገው ደንብ ልብስ የሚባል ነገር ሳይኖር ነው፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብናየው ይሻላል።

ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ነው የሚያየው። እናንተ ዐይናችሁን ወደ ግድግዳው ወደ ፈረሰኞቹ ቅዱሳን አውርዱት። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ፣ ከፈረሱ እግር ሥር ደግሞ ከሀዲው የሮም ንጉሥ ኡልያኖስ። ሁለቱም በታሪካቸው የሮም ወታደሮች ናቸው። በእኛ ግድግዳ ላይ ግን የሮም ልብስ የለም። የለበሱት የጎንደር መኳንንት ልብስ ነው፤ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ባለ ጥልፉ ግላስ (የፈረሱ ልብስ) የጎንደር ነው። ሁሉም የሚያልፈው አንድ ነገር ላሳያችሁ፦ እግራቸውን እዩ። እርካቡን የያዙት በአውራ ጣታቸው ነው። የአገራችን ፈረሰኛ ባዶ እግሩን እርካብ የሚረግጠው እንደዚያ ነበር። ሠዓሊው ከሌላ አገር ሥዕል ቢቀዳ ኖሮ ጫማ ያለው ሙሉ እግር ያስገባ ነበር፤ እሱ ግን የሚያውቀውን ፈረሰኛ ሣለ።

በተቃራኒው ደግሞ ጌታን የሚገርፉትን፣ የሚያስሩትንና የሚሰቅሉትን ወታደሮች ተመልከቱ። ብዙዎቹ ጥምጥም ያደረጉ፣ የባዕድ ቀሚስ የለበሱ ናቸው። በየገዳማቱ ባሕረ ኤርትራን ስናይ ደግሞ የፈርዖን ሠራዊት ጠመንጃ ይዞ ሲሰምጥ እናገኛለን። በሙሴ ጊዜ ጠመንጃ አልነበረም፤ ሠዓሊው ይህን አጥቶት አይደለም። በዘመኑ የሚያስፈራው መሣሪያ ጠመንጃ ነበርና የሚያስፈራውን ሠራዊት በዚያ አስታጠቀው። ክፉው በጎን፣ በአንድ ዐይኑ ይሣላል፤ ጻድቁ ሁለት ዐይኑ ይታያል። ልብሱም ከዚያ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ማን የማን ወገን እንደሆነ ከሩቅ ይናገራል።

ስለዚህ የአጎቶችህ ሐሳብ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሠዓሊዎቻችን የሚያከብሩትን ሰው የሚያከብሩትን ልብስ አልብሰውታል።

ጎንደሬው በባሕር ዳር፦

አስተማሪው ልቤን አሳረፉት። እኔም ከአጎቶችህ ጋር ነኝ። ለምድ እኮ ዝም ብሎ የሚለበስ ልብስ አይደለም። መነሻው የአውሬ ቆዳ ነው፤ የአንበሳ፣ የነብር። ኋላ ከጥቁርና ከቀይ ከፋይ (ቬልቬት) እየተሰፋ፣ በወርቅና በብር እየተጠለፈ ሲሠራ እንኳ የቆዳውን ቅርጽ አልለቀቀም። ሙዚየም ገብታችሁ የከፋይ ለምድ ካገኛችሁ ከጫፉ የሚንጠለጠሉትን ረጃጅም ቁራጮች ልብ በሉ፤ የአውሬው እግሮች በነበሩበት ቦታ የቀሩ ናቸው። ከፋዩ ከባሕር ማዶ ይምጣ እንጂ አሁንም ገዳይ ነው የሚመስለው።

ጋሻውም እንዲሁ ነው። የተራው ወታደር ጋሻ ቆዳ ብቻ ነው፤ የመኳንንቱ ከፋይ ለብሶ በብር ተለብጦ ይታያል። ይህን ሁሉ የሚሸልም ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ነው፤ ሹመትና ሽልማት አብረው የሚጠሩትም ለዚህ ነው። ጥምቀት በደረሰ ቁጥር ወጣቶቻችን ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻ ይዘው ታቦት ሲያጅቡ የሚያኮራን ያ ትዝታ ነው። ታዲያ አምስት ዓመት በዱር በገደሉ የተንከራተተ አርበኛ ይህ ሲያንሰው ነው?

የልደታ ልጅ፦

አያንሰውም ጋሼ፣ እንዲያውም ይገባዋል። የእኛ ሥጋት የልጅ ልጆቹ ነገ ሥዕሉን አይተው «ቅድመ አያታችን ደጃዝማች ነበር» እንዳይሉ ነው። ሰውየው ገበሬ ነበር። ሲዘምት ገበሬ፣ ሲመለስም ገበሬ።

የታሪክ ተማሪ፦

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ወታደር ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ ይልበስ የሚለው ሐሳብ ለአውሮፓም ያን ያህል አሮጌ አይደለም። ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ ጦር ቀይ ኮት መልበስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1645 ነው። በመካከሉ፣ በ1642፣ ሬምብራንት አምስተርዳም ውስጥ የከተማውን ዘቦች የሣለበትን «የሌሊት ጥበቃ» የሚባለውን ትልቅ ሥዕል ጨረሰ። ዘቦቹ በአንድ አዛዥ ሥር የሚተዳደሩ ቢሆኑም ልብሳቸው አንድ አይደለም። አዛዡ ጥቁር ለብሶ ቀይ መታጠቂያ አድርጓል፣ ምክትሉ ደማቅ ቢጫ ለብሷል፣ ከኋላ ያሉት እንደየአቅማቸው ናቸው። ለሥዕሉ የከፈሉት ራሳቸው የተሣሉት ሰዎች ናቸው፤ ክፍያውም ሥዕሉ ላይ እንደሚይዙት ቦታ ይለያይ ነበር። ማንም ሱቁን ወይም ቤቱን ሊያሣል አልመጣም፤ ነጋዴውም በጦር ልብስ መታየት ፈለገ። በእነሱም ዘንድ ክብር በጦር ልብስ ነበር የሚታየው ማለት ነው።

በእኛ አገር አንድ ዓይነት ልብስ በሠራዊት ደረጃ የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ክብር ዘበኛን ቤልጅየሞች አሠለጠኑት፤ የሆለታው ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድኖች ተከፈተ፤ ወዲያው ጦርነቱ መጣ። ስለዚህ ከማይጨው በፊት አብዛኛው ዘማች የለበሰው የቤቱን ሸማና እጀ ጠባብ ነው።

እናንተ ጎንደር ውስጥ ሆናችሁ አጤ ቴዎድሮስን እንዴት ሳታነሱ ቀራችሁ? ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም በ1847 ዓ.ም. ነገሡ። ከነገሡም በኋላ ያዩዋቸው ብዙ መንገደኞች የጻፉት አለባበሳቸው ከተራ ወታደር እንደማይለይ ነው። መታወቂያቸው ሹሩባቸው ነበር። መቅደላ ላይ ሲሞቱ የእንግሊዝ ሰዎች አስከሬናቸውን ሣሉ፤ ጸጉራቸውንም ቆርጠው ወሰዱ። ያ ጸጉር ለለንደኑ የጦር ሙዚየም የተሰጠው አስከሬናቸውን በሣለው ሰው ቤተሰብ ሲሆን፣ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ማንም ሠዓሊ ቴዎድሮስን ሲሥል ካባውን ሊተው ይችላል፤ ሹሩባውን ግን ከቶ አይተውም። አለባበስን ዝቅ አድርጎ ክብርን ከፍ ማድረግ የእኛው አገር ወግ ነው። ባዶ እግር ገበሬ መሣል ሰውየውን አያሳንስም።

የቁስቋሟ፦

ሁላችሁም ስለ ወንዶቹ ነው የምታወሩት። እቴጌ ምንትዋብን እዩዋቸው። ጣና ሐይቅ ውስጥ ደቅ ደሴት ላይ ባሠሩት ናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። በእሳቸው ዘመን የጎንደር ሠዓሊ ሐሩንና ከፋዩን ከነጥለቱ እየዘረዘረ መሣል ጀመረ፤ ልብሳቸው አገር ገዢ መሆናቸውን ይናገራል፤ ሰውነታቸው ግን መሬት ላይ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ መሆናቸው ነው ሥዕሉን እንደዚያ ያከበደው።

በዓድዋ ሥዕሎችም እቴጌ ጣይቱን በፈረስ ላይ፣ ሽጉጥ ይዘው እናገኛቸዋለን። ስለዚህ እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው ወንድሜ፦ ቅድመ አያትህ ሲዋጋ ስንቅ ማን አቀበለው? ቁስለኛ ማን ደበቀ? ሚስቱስ ሥዕሉ ላይ የለችም? የሴቶቹ ጀግንነት በለምድ አይታይም፤ ለምድ አልተሸለሙምና። ሠዓሊው ግን አገልግል መሣል አያቅተውም።

ሥዕል አስተማሪ፦

እህቴ በጣም ትክክል ነሽ፤ ይህን ሠዓሊው ቢሰማው ደስ ይለኛል።

ዓድዋን ካነሳሽ አይቀር እዚያ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የጥያቄው ፍሬ ያለው እዚያ ስለሚመስለኝ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን የሚያሳዩት የሕዝብ ሠዓሊዎች ሥራዎች በዝርዝር ይለያያሉ እንጂ አወቃቀራቸው ይመሳሰላል። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በአንድ ወገን የእኛ ሠራዊት፣ በሌላው የጣሊያን። የጣሊያንን ወገን ብትቆጥሩት አንድ ሰው ሥለው እሱኑ ደጋግመው የደረደሩት ይመስላል፦ አንድ ዓይነት ኮፍያ፣ አንድ ዓይነት ኮት፣ አንድ ዓይነት ጎን ፊት። አስካሪዎቹም (ለጣሊያን ያደሩት የቅኝ ግዛት ወታደሮች) በቀይ ታርቡሽ ቆባቸው በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። የእኛን ወገን ስታዩ ግን አንዱ ለምድ ለብሷል፣ አንዱ ጎፈር ደፍቷል፣ አንዱ ነጭ ሸማ አደግድጓል፣ አንዱ ጋሻው ብር ነው፣ አንዱ ጠፍር። እያንዳንዱ ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠየቅ ሰው ነው።

ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ግን አጥብቄ እይዘዋለሁ፦ በአውሮፓ ሥዕል የጦር ልብስ ሰውየው የየትኛው ክፍል እንደሆነ ይናገራል። በእኛ ሥዕል ደግሞ ሰውየው ምን እንደሠራና ማን እንዳከበረው ይናገራል። ስለዚህ ለምድ ሲሣል «ይህን ሰው እገሌ ሸልሞታል» የሚል ምስክርነት እየተሰጠ ነው። ለቅዱሳኑ የሸለማቸው እግዚአብሔር ነውና ሠዓሊው የፈለገውን ክብር ቢያለብሳቸው ሐሰት አይሆንም። ለሥጋ ለባሽ ግን የሸለመ ሰው መኖር አለበት። እዚህ ላይ ነው ከአጎቶችህ የምለየው።

ጎንደሬው በባሕር ዳር፦

እንዲህ ከሆነማ አርበኛውን የሸለመ ማን ነው ልንል ነው? ንጉሡ ስደት ላይ ነበሩ። በዱር ያለውን ማን ይሸልመው?

አባ መላ (የበለሳ ሽማግሌ)፦

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ እያነበበልኝ እሱው ይጽፍልኛል። አባቴም አርበኛ ስለነበር የሰማሁትን ልናገር።

አርበኛ ካኪ ከየት ያመጣል? ያን ጊዜ ለአርበኛ ልብስ የሚያድል መንግሥት የለም፣ ግምጃ ቤት የለም። ሲሸፍት የወጣው በሸማውና በእጀ ጠባቡ ነው። ያም በዓመቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ የለበሰው ከጠላት የገፈፈውን ነው። ጠመንጃውም እንዲሁ፤ ውጅግራ ይዞ ገብቶ የጣሊያን ጠመንጃ ይዞ ወጣ። በእኛ አገር ካኪ ለብሶ ከዱር የወጣ ሰው «ይህን ከማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ «የት ገዛኸው?» አይባልም። እሱም ቆሞ ይፎክራል።

አንተ ልጅ፣ ፎቶውን በደንብ አጉልተህ ኮሌታውን እይ። የጣሊያን ወታደር ትልቅ ሆነ ትንሽ ኮሌታው ላይ ኮከብ ነበረው። አርበኞቹ ኮቱን ሲለብሱ ኮከቡን ይነቅሉታል፤ የጠላት ምልክት ነዋ።

የልደታ ልጅ፦

አባባ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አንቱ ያሉትን ሰምቼ ፎቶውን ወስጄ በጥሩ ስካነር አስነሳሁት። በኮሌታው በሁለቱም ጫፍ ጠቆር ያለ ነገር አለ። ጨርቁ በፀሐይ ነጥቷል፤ እነዚያ ሁለት ቦታዎች ግን አልነጡም። በቀኝ በኩል ያለው የኮከቡ ማዕዘኖች ሳይቀሩ ይለያሉ። እጅጌው ከአንጓው በላይ ቀርቷል፤ ኮቱ ለእሱ የተሰፋ አይደለም። በግራ በኩል ከኪሱ በታች ደግሞ የተጣፈ ቦታ አለ፤ ጥይት ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም፤ የጣፈው እጅ ግን ስፌቱን ጠበቅ ጠበቅ አድርጎ ይዞታል። እህቴ «ያንን የጣፈችው የቅድመ አያታችን ሚስት ናት» ብላ አለቀሰች።

ሥዕል አስተማሪ፦

እንግዲህ የሸለመው ማን ነው ለሚለው መልሱ ይኸው። ራሱ ነው የተሸለመው። ያ ኮት በአሮጌው ወግ መሠረት ለምድ ነው። ለምድ ገዳይ የገደለውን አውሬ ቆዳ መልበሱ አይደል? ይህም ሰው ጠላቱን ገፎ ለበሰ። ሠዓሊው ኮሌታው ላይ ያሉትን ሁለት የኮከብ አሻራዎች ካልሣለ ሥዕሉ ግማሽ ነው።

ጎንደሬው በባሕር ዳር፦

ይህን ካየሁ በኋላ ስለ ለምዱ አልከራከርም። ለአጎቶችህ የስካኑን ፎቶ አሳያቸው። ፈረሱንም ቢተዉት ይሻላል፤ በበለሳ ገደል ለገደል በእግሩ የሄደ ሰው ነው።

ሠዓሊው፦

ሥዕሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህን ውይይት ልከውልኝ ነው፤ ሁሉንም አነበብኩት። ጥቂት ሥራ ነክ ነገር ልበል።

ካኪ ለመሣል ከለምድ ይከብዳል። ለምድ በወርቁና በጥቁሩ ራሱን ይሸከማል፤ ካኪ ግን ከአፈሩ ቀለም ጋር አንድ ስለሚሆን ሰውየው መልክዓ ምድሩ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ከኋላው የበለሳን ሜዳ አላደርግም፤ እንደ ድሮው የጎንደር ሥዕል ደማቅ ቀይና ቢጫ መደብ አደርጋለሁ። ፊቱ ወደ ተመልካቹ ይሆናል፣ ሁለት ዐይኑም ሙሉ። የተጣፈው ቦታ ይሣላል። የኮከቡ አሻራ ከጨርቁ በአንድ ደረጃ ብቻ ይጠቁራል፤ ቀርቦ ያየ ያየዋል። ሚስቱን ፊቷን የሚያሳይ ፎቶ ከሌላችሁ በግምት አልሥላትም፤ ግን ከጎኑ አገልግልና የቀንድ ዋንጫ ይቀመጣል፤ የቁስቋሟ እህታችን ያሉት እንዲገባ።

ሌላው፣ ፎቶው ላይ በስተቀኝ ከዝናሩ በታች ትንሽ የሰገባ ጫፍ ይታያል። አባቶች ጎራዴ የሚታጠቁት በቀኝ ነበር። ብዙ ሠዓሊ ከፈረንጅ ሥዕል እየቀዳ በግራ ያደርገዋል። ፎቶው ተገልብጦ የታተመ አለመሆኑን ግን ማረጋገጥ አለብኝ፤ የኮቱ ቁልፍ በየት በኩል እንደሚቆለፍ ከስካኑ እንየውና ነገ ልደውልልህ።

የልደታ ልጅ፦

ይደውሉልኝ። አጎቶቼም ትናንት ማታ ስካኑን አይተው ተስማምተዋል። አንድ የቀረ ጥያቄ አላቸው፦ ከነጻነት በኋላ የተሸለመው የአርበኝነት ሜዳይ ከነዘንባባው ቤት አለ። ፎቶው ላይ የለም። ኮቱ ላይ ይደረግ ወይ ይላሉ።

ጡረተኛው ከአዘዞ፦

አይደረግ። ፎቶው ሲነሳ ገና አልተሸለመም። ሜዳዩ ላይ ያለው ዘንባባ የተዋጋበትን ዓመታት የሚመሰክር ስለሆነ እንዲሁ በቀለም ከሚሣል ራሱ ቢታይ ይበልጣል። ባለ መስታወት ፍሬም አሠሩለትና ከሥዕሉ በታች ስቀሉት። ጥብጣቡ ካረጀ በአዲስ አትለውጡት፤ ውኃም አታስነኩት። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፉለት።